ክፍያ ከመጨመራችን በፊት ራውተሩን እንመልከት

(በናይሮቢ ኢስሊ ለተሰበሰቡ ስደተኛ ወገኖች የቀረበ ንግግር። በካምፕ ለሚገኙ አንባቢያን እንዲመች በመጨረሻው ላይ ጥቂት ተጨምሮበታል።)



 እኛ በዚሁ ሠፈር በስልክና በራዲዮ ጥገና የምንተዳደር ጥቂት ስደተኞች ነን። መሐንዲሶች አይደለንም። ዛሬ የምናካፍላችሁም በየጎረቤቱ ቤት እየዞርን፣ አንዳንዴም እያበላሸን የተማርነውን ነው።

ለስደተኛ ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ወገን ሊኖር ይችላል። እንደሚታወቀው ግን ዛሬ ልጅ ትምህርቱን የሚከታተለው፣ ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ድምፁን የሚያሰማው፣ የቀጠሮ መልእክት የሚደርሰው፣ አገር ቤት የታመመች እናት የምትታየው በዚሁ መስመር ነው። በየፎቁ አራትና አምስት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ መስመር ያስገባል። ማታ ሁሉም ሲገባ መስመሩ ይጎተታል፤ ድምፅ ይቆራረጣል፤ የእናት ፊት ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ንግግር የታወቀ ነው። "ከፍ ያለውን ፓኬጅ እንግዛ" ይባላል። መዋጮው ይጨምራል፤ ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆያል። የጨመረውን መዋጮ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ደግሞ ከመስመሩ ይወጣል። ይህን በዓይናችን አይተናል። በመሆኑም የዛሬው ንግግራችን ዓላማ አንድ ነው፤ አንድ ሽልንግ ከመጨመራችን በፊት በእጃችን ያለውን ራውተር እንዴት አስተካክለን ልንጠቀምበት እንደምንችል ማሳየት።

1. ከሁሉ አስቀድሞ መለካት

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። እኛም ሳንለካ ምንም አንንካ። ልኬቱ በሁለት መንገድ ይደረግ። አንደኛ፣ ኮምፒዩተርን በኬብል ከራውተሩ ጋር በቀጥታ አገናኝቶ መለካት ነው። ሁለተኛ፣ ስልክ ይዞ ዘወትር በምንቀመጥበት ክፍል መለካት ነው። ሁለቱም ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ አንድ ጊዜ ይደረጉና ውጤቱ በወረቀት ይጻፍ።

በኬብል 10 ሜጋ ቢት በሴኮንድ መጥቶ በዋይፋይ 3 ብቻ ከሆነ ችግሩ ቤታችን ውስጥ ነው፤ ልንፈታው እንችላለን። በኬብልም 3 ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ነው። የጻፍነውን ወረቀት ይዞ እነርሱን ማነጋገር እንጂ ራውተሩን መነካካት አይጠቅምም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንጠቁም። ድርጅቶች የሚሸጡልን በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስናወርድ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየን ግን ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። 8 ሜጋ ቢት 1 ሜጋ ባይት ነው። ስለዚህ 8 ገዝቶ 1 ያየ ሰው ተታልሏል ማለት አይደለም።

ከእኛም ከአገልግሎት ሰጪውም አቅም በላይ የሆነ ጊዜም አለ። ኬንያ ከውጭው ዓለም ጋር በባሕር ሥር ገመድ መገናኘት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኮም እና ቲምስ የተባሉት ገመዶች ሞምባሳ ሲደርሱ ነው። ከዚያ በፊት መገናኛው በሳተላይት ነበር። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሲኮም እና ኢሲ የተባሉት ሁለት ገመዶች በደቡብ አፍሪካ በኩል ሲበጠሱ በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተጎተተ። በዚያን ሰሞን ራውተሩን ሲነካካ የዋለ ሰው ድካሙ ከንቱ ነበር።

2. የማያስከፍለው መድኃኒት፦ ቦታ

የኢስሊ ፎቆች የተሠሩት ብረት በገባበት ኮንክሪት ነው። በሮቻችን ብረት ናቸው። ብረት የዋይፋይን ሞገድ ይመልሳል፤ ውኃ ደግሞ ይውጠዋል። አንድ ቤት ገብተን ራውተሩን ያገኘነው ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ መሬት ላይ፣ ውኃ በሞሉ ሦስት ጀሪካኖች መካከል ነው። ባለቤቶቹ ራውተሩ እንዳይሰረቅ ብለው ነበር የደበቁት። ወደ ላይ አውጥተን፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገን፣ ወደ ቤቱ መሐል አስጠግተን ሰቀልነው። ከዚያ በቀር ምንም አልነካንም፤ በመኝታ ክፍሉ የነበረው ቅሬታ በዚያው አበቃ።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመደረጉ በፊት ራውተሩ ከፍ ይበል፤ ከብረት፣ ከመስታወት፣ ከውኃ በርሜልና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ይራቅ።

3. ቻናል፣ ስፋትና ጉልበት

አሁን ወደ ራውተሩ ውስጥ እንግባ። አብዛኞቹ ራውተሮች በሁለት የራዲዮ ክልሎች ይሠራሉ። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ግድግዳ በማለፍ የተሻለ ነው፤ ሆኖም የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር እዚያው ላይ ስለሆነ የተጨናነቀ ነው። 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ግን ሩቅ አይሄድም። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ስልክና ቴሌቪዥን በ5 ቢገናኝ፣ ራቅ ያለው በ2.4 ቢገናኝ መልካም ነው።

በ2.4 ላይ ቻናሎቹ ብዙ ቢመስሉም ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ምክንያቱም ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን እያንዳንዱ ግን 20 የሚያህል ስፋት ይይዛል። አንዳንድ ሰው ብልሃት ያገኘ መስሎት በ1 እና በ6 መካከል 3ን ይመርጣል። ይህ ስሕተት ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ራውተሮች አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ ተራ ይጠብቃል። በግማሽ የሚነካኩ ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ነው የሚሆነው። 3 ላይ የተቀመጠ ራውተር ከግራም ከቀኝም ይረበሻል፤ እርሱም ሁለቱን ይረብሻል። ስለዚህ በአካባቢያችን ያሉትን ራውተሮች የሚያሳይ ፕሮግራም በስልካችን ከፍተን፣ ከሦስቱ ጥቂት ሰው ያለበትን እንምረጥ።

ስፋትን በሚመለከት፣ በ2.4 ላይ 20 ሜጋ ኸርዝ ይሁን። 40 ማድረግ ፍጥነት የሚጨምር ይመስላል፤ በተጨናነቀ ፎቅ ውስጥ ግን የጎረቤትን ጫጫታ ሁሉ መሰብሰብ ነው። በ5 ላይ ጎረቤት ከበዛ 40፣ ካልበዛ 80 ይሞከር።

የጉልበት ነገር ደግሞ አለ። ሁሉም ሰው ጉልበቱን ወደ መጨረሻው ማድረስ ይፈልጋል። ነገር ግን ራውተሩ እንደ ድምፅ ማጉያ ቢጮህ እንኳ ስልካችን መልስ የሚሰጠው በዚያችው በትንሽ ድምፁ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ሥራው ግን አይሄድም። ራውተሩ የሚሠራበትን አገር በሚጠይቀው ቦታም ኬንያን እንምረጥ። የሌላ አገር ስም እየሰጡ የተከለከለ ቻናል መጠቀም ሕግ መተላለፍ ነው። ለስደተኛ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ከሕግ ጋር መጋጨት አያስፈልገውም።

4. ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ሶፍትዌር

እስከዚህ የተናገርነው በማንኛውም ራውተር ላይ ሊሠራ የሚችል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ፋብሪካው ከሰጠን የተለየ ሶፍትዌር ይጠይቃል። ስሙ ኦፕን ደብልዩ-አር-ቲ ይባላል። ታሪኩ አጭር ቢሆንም ሊነገር የሚገባው ነው።

ሊንክሲስ የተባለው ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ይሸጠው የነበረው ራውተር ውስጡ ሊኑክስ ነበር። ሊኑክስ በነፃ የሚታደል ሲሆን ፈቃዱ አንድ ግዴታ አለው፤ እርሱን ወይም ከእርሱ አሻሽሎ የሠራውን ለሌላ የሚያከፋፍል ሁሉ የዚያን ኮድ ለተቀባዮቹ መስጠት አለበት። ተጠቃሚዎች ይህንን ጠየቁ፤ ኮዱም በዚያው ዓመት ወጣ። በ2004 በጎ ፈቃደኞች ያንን መነሻ አድርገው ኦፕን ደብልዩ-አር-ቲን ጀመሩ። ስሙም ከዚያ ራውተር የሞዴል ስም የተወሰደ ነው። ዛሬ ከብዙ ፋብሪካዎች በወጡ እጅግ ብዙ ዓይነት ራውተሮች ላይ ይጫናል፤ ዋጋም የለውም። ጀርመን አገር ፍራይፉንክ የሚባሉ የሠፈር በጎ ፈቃደኞች በ2015 ስደተኞች ለሚያርፉባቸው ቤቶች ዋይፋይ የዘረጉት በዚሁ ላይ በተመሠረተ ሶፍትዌር ነው።

ይህ ሶፍትዌር የሚታዘዝበት ገጽ ስሙ ሉሲ ነው። ስሙ የመጣው ከተሠራበት የኮምፒዩተር ቋንቋ ስም ሲሆን ከሐዳር ከተገኘችው ድንቅነሽ ጋር ዝምድና የለውም። ሆኖም በሰው አገር የራውተር ሣጥን ከፍቶ ሉሲን ያገኘ ኢትዮጵያዊ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

5. የቦኖው ወረፋ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ካምፕ የኖረ ሰው የውኃ ወረፋን ያውቃል። አንድ ሰው 20 ጀሪካን ደርድሮ ፊት ቆመ እንበል። ከኋላው አንዲት እናት ለልጇ አንድ ኩባያ ውኃ ትፈልጋለች። ቦኖው በደንብ ይፈስሳል፤ ውኃም አለ። እናቲቱ ግን ሃያው ጀሪካን እስኪሞላ ትቆማለች። ይህን ወረፋ ቧንቧውን በማወፈር ብቻ ልንፈታው አንችልም፤ ነገ ሰውዬው 40 ጀሪካን ይዞ ይመጣልና። መፍትሔው የተራ ሥርዓት ነው።

በራውተር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ትልቅ ፋይል የሚያወርድ ወይም የሚልክ መሣሪያ ወረፋውን ይሞላዋል፤ ትንሿ የስልክ ድምፅ ከኋላ ትቆማለች። ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ በ2010 በገዛ ቤቱ መስመር ላይ ይህንን አስተውሎ ለዓለም አሳወቀ። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ለወረፋው መላ የሚሆን ኮድል የተባለ ስልት አወጡ። በ2025 ያረፈው ዴቭ ታት ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህ ስልት በተራ ሰው ራውተር ላይ እንዲሠራ ዓመታት ደከመ፤ ሙከራውን ያካሄዱትም በኦፕን ደብልዩ-አር-ቲ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የተሻሻለው ስልት ኬክ ይባላል። እንደ ስሙም ቆርሶ ያካፍላል።

አንድ ያጋጠመንን እንንገራችሁ። አምስት ቤተሰብ በሚጋሩት አንድ መስመር ላይ ጠብ ተነሣ። ማታ ማታ ስልክ ማነጋገር አልተቻለም። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በርቀት ትምህርት በሚማር አንድ ወጣት ላይ ነበር፤ "ቪዲዮ እያወረደ መስመሩን ይበላዋል" ተባለ። ከመስመሩ ሊያስወጡት ተስማምተው ነበር። እኛ ተጠርተን ለካን። መስመሩ ሲያርፍ መልስ የሚመጣው በ30 ሚሊ ሴኮንድ ነበር፤ ማታ ግን ወደ 900 ይደርሳል፤ አንድ ሴኮንድ ሊሞላ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። ምክንያቱን ስንፈልግ ተማሪው አልነበረም። የአንድ ቤተሰብ ስልክ በቀን የተነሡትን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ባለቤቱ ሳያውቀው ማታ ማታ በራሱ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ወደ እኛ የሚመጣው መስመር 10 ሜጋ ቢት ሲሆን ከእኛ የሚወጣው 3 ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ በር ፎቶግራፎቹ ሲጋፉ ሌላው ሁሉ ታግዶ ይቆማል። ያ ወጣት ፈተናው ደርሶ ነበር። ሳንለካ ፈርደን ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠው ነበር?

ያደረግነው ይህ ነው። በሉሲ ላይ ኤስ-ኪው-ኤም የተባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም ጫንን። ወደ ውጭ የሚወጣውን በር መረጥን። ከወረፋ ስልቶች ኬክን መረጥን። ቀጥሎ ከለካነው ፍጥነት 90 በመቶውን ጻፍን፤ ለሚመጣው 9000፣ ለሚወጣው 2700 ኪሎ ቢት። ከሙሉው ለምን ቀነስን? ወረፋው በአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ውስጥ ከተሠራ ልናዝዝበት አንችልም። ጥቂት ስንቀንስ ግን ወረፋው የሚሠራው በእኛው ራውተር ውስጥ ነው፤ ተራ አስከባሪዎቹም እኛ እንሆናለን። መስመሩ በራዲዮ ወይም በሞባይል የሚመጣና ፍጥነቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ማታ ከሚገኘው ዝቅተኛ ልኬት መነሣት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ፎቶግራፎቹ እየተላኩ ሳለ መልሱ በ50 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ይመጣ ጀመር። ፓኬጁ ያው ነው፤ ክፍያውም ያው ነው። ድርሻው በየመሣሪያው እኩል እንዲሆንም ማዘዝ ይቻላል። የትእዛዙን ፊደላት በወረቀት ጽፈናል፤ የሚፈልግ ከእኛ ይውሰድ። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። የተራ ማስከበሩ ሥራ ለራውተሩ ከባድ ነው፤ አሮጌና ደካማ ራውተር በፈጣን መስመር ላይ ሊያቅተው ይችላል። እንዲሁም "ሃርድዌር ኦፍሎድ" የሚባለው ማፍጠኛ ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ አይሄድምና ይዘጋ።

6. የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

እዚህ ላይ ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን። መጀመሪያ ሶፍትዌር በቀየርንበት ቤት ራውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ሰክተን ሥራ ጀመርን። በመሐል መብራት ጠፋ። ራውተሩ ከዚያ በኋላ አልነሣም። አራት ቤተሰብ 9 ቀን ያለ መስመር ቆየ። በመካከላቸው በየሳምንቱ እሑድ ካናዳ ካለች ልጃቸው ጋር የሚነጋገሩ አባት ነበሩ፤ ሁለት እሑድ አለፋቸው። አልተቆጡንም፤ ዝም ማለታቸው ግን ከቁጣ ይከብድ ነበር። በኋላ ገንዘብ አዋጥተን ሌላ ራውተር ገዛን። ከዚያ ወዲህ የሚከተሉትን ሳናሟላ አንነካም።

ሀ. ራውተሩ የአገልግሎት ሰጪው ንብረት ከሆነ አይነካም። የራሳችንን ከኋላው እናስገባ።

ለ. ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ የሞዴሉን ስምና የቅጂውን ቁጥር እናንብብ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ቅጂ 1 እና ቅጂ 5 ውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በኦፕን ደብልዩ-አር-ቲ ዝርዝር ውስጥ ያ ቅጂ ከሌለ ይተው። ከ2021ኛው ቅጂ ወዲህ ሶፍትዌሩ ቢያንስ 8 ሜጋ ባይት ማስቀመጫና 64 ሜጋ ባይት ማስታወሻ ይፈልጋል። ከሁለተኛ እጅ ገበያ ከመግዛታችን በፊት ይህ ይጣራ።

ሐ. በሚጫንበት ጊዜ ራውተሩ በባትሪ ይሥራ፤ ኮምፒዩተሩም በኬብል ይያያዝ። ሥራው እስኪያልቅ ማንም አይንካው።

መ. ሶፍትዌሩ እንደተጫነ የራውተሩ መክፈቻ ምሥጢር ቃል ባዶ ነው፤ ወዲያውኑ ይሰጠው። ለዋይፋዩም ረጅም ቃል ይሰጠው፤ መጠበቂያውም ደብልዩ-ፒ-ኤ 2 ወይም 3 ይሁን። መስመሩ በአንድ ሰው ስም ነው የተመዘገበው። ማንም አላፊ አግዳሚ ገብቶ ለሚሠራው ጥፋት የሚጠየቀው ያ ሰው እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ መክፈት ይቻላል።

ሠ. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ከዚያ ይለካ፤ ይጻፍ። አምስት ነገር በአንድ ማታ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው፣ የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

7. በካምፕ ለምትገኙ ወገኖች

በካኩማም ሆነ በሌላ ካምፕ የምትገኙ ወገኖቻችን፣ ይህ ሁሉ የናይሮቢ ሰው ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በአብዛኛው የምትጠቀሙት በሲም ካርድ የሚሠራውን ትንሽ ራውተር ወይም የስልክ ዋይፋይ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኦፕን ደብልዩ-አር-ቲን አይቀበሉም። ቦታና ቻናል ግን ለሁሉም ይሠራሉ። የቆርቆሮ ቤት ሞገድን ይዘጋል። ስለዚህ የሲም ካርዱን ራውተር በመስኮት ወይም በበር በኩል፣ ማማው ወዳለበት አቅጣጫ አስቀምጡት፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ እንዳያገኘው፣ ሙቀት ይገድለዋልና። በስልኮቻችሁ ላይ ፎቶግራፍ በራሱ የሚልከውንና ፕሮግራም በራሱ የሚያድሰውን ዝጉ። ይህ ፍጥነትንም የዳታ ክፍያንም ያድናል። ብዙ ሰው በሚጋራው መስመር ላይ ግን ከሲም ካርዱ ራውተር ኋላ ኦፕን ደብልዩ-አር-ቲ የተጫነበት አንድ ራውተር በኬብል ማስገባትና ተራውን እርሱ እንዲያስከብር ማድረግ ይቻላል።

በመጨረሻም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንድን መስመር ለአምስት ቤት መካፈል የቻልነው ተባብረን ስለኖርን ነው። መስመሩ ሲጎተት ጎረቤታችንን ከመጠርጠራችን በፊት እንለካ። መዋጮ ከመጨመራችንና አቅም የሌለውን ከማስወጣታችን በፊት ራውተሩን ከፍ አድርገን እንስቀል፤ ቻናሉን እንይ፤ ወረፋውን እናስከብር። ከዚያ በኋላም ካልበቃ፣ ያን ጊዜ ስለ ክፍያ አብረን እንነጋገር።